በጨለማ ውኃ ውስጥ መሠረት ያኖረ ሰው፦ የጠላቂው የዊሊያም ዎከር የሕይወት ታሪክ



አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ስናይ ዓይናችን በመጀመሪያ የሚያርፈው በጕልላቱ ላይ ነው። ከዚያም ወደ ዓምዶቹ፣ ወደ መስኮቶቹና ወደ ሥዕሎቹ ይወርዳል። መሠረቱን ግን ማንም አያየውም፤ ስለ እርሱም የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ውበት የተደገፈው በዚያ በማይታየው ነገር ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ማሰናዳት ስንጀምር ልባችን ያዘነበለው ወደ ሌላ ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ከተማ የሚገኘውን ጥንታዊ ካቴድራል ስላሠሩት ስለ ጳጳስ ዎከሊን ልንጽፍ አስበን ነበር። የካቴድራሉን ታሪክ እየተከታተልን ወደ ፊት ስንሄድ ግን፣ ጳጳሱ ያሠሩት ቤት ከ800 ዓመት በላይ ከቆመ በኋላ ሊወድቅ ተቃርቦ እንደ ነበረና፣ ካዳኑት ሰዎች መካከል ዋናው አንድ ውኃ ጠላቂ ሠራተኛ እንደ ሆነ ተረዳን። ስለዚህ ሐሳባችንን ለወጥንና የሠራተኛውን ታሪክ ለእናንተ ለማቅረብ ወሰንን። በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

የካቴድራሉ አሠራር

የሰውየውን ሥራ በሚገባ ለመረዳት በመጀመሪያ ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዊንቸስተር በደቡብ እንግሊዝ፣ ኢችን በሚባል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ9ኛው መቶ ዓመት በዚያ ጳጳስ የነበሩት ቅዱስ ስዊዘን ሲያርፉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በክብር ስፍራ ከመቀበር ይልቅ ዝናብ በሚወርድበትና መንገደኛ በሚያልፍበት በደጅ እንዲቀበሩ እንደ ለመኑ ይተረካል። ይህ የትሕትና ታሪክ በከተማይቱ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወሳል።

በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። በ1070 ዎከሊን የሚባሉት ኖርማን የዊንቸስተር ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። እርሳቸውም በ1079 ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጎን አዲስና እጅግ ሰፊ ካቴድራል ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ ዋይት ከሚባለው ደሴት ተፈልጦ በጀልባ ይመጣ ነበር። ስለ እንጨቱም የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ፤ ንጉሡ በሦስት ቀን ውስጥ ሊቈረጥ የሚችለውን ያህል ዛፍ ከደናቸው እንዲወስዱ ለጳጳሱ ፈቀዱላቸው። ጳጳሱ ግን ያገኙትን እንጨት ቈራጭ ሁሉ ሰብስበው ደኑን በሙሉ በሦስት ቀን ጨርሰው ወሰዱት። ንጉሡ በነገሩ እጅግ ቢቈጡም በኋላ ይቅርታ አደረጉላቸው ይባላል። በ1093 መነኰሳቱ ወደ አዲሱ ካቴድራል ገቡ፤ አሮጌውም ቤት ፈረሰ። ጳጳስ ዎከሊን በ1098 ዐረፉ።

የአሠራሩ ስልት ሮማኔስክ ይባላል። ይህም የጥንት ሮማውያንን አሠራር የሚመስል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ኖርማኖች ስላስፋፉት የኖርማን ስልት ተብሎም ይጠራል። ምልክቶቹ ወፍራም ግንብ፣ ግዙፍ ዓምድና ግማሽ ክብ የሆነ ቅስት ናቸው። የዚያ ዘመን ግንበኞች የጣራውን ክብደት የሚሸከሙት በግንቡ ውፍረት ስለ ነበር መስኮቶቹ ትንንሾች፣ ውስጡም ጨለም ያለ ነበር። ቅስቱ ከላይ የመጣበትን ክብደት ለሁለት ከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዓምዶች ያወርደዋል፤ ዓምዶቹ ለመሠረቱ ያስረክባሉ፤ መሠረቱም ለምድር ያስረክባል። በመጨረሻ ምድሪቱ አልሸከምም ካለች የግንበኛው ጥበብ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ካቴድራሉ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው። ግራና ቀኝ የተዘረጉት ሁለቱ ክንፎችና ከመቅደሱ በታች ያለው ምድር ቤት ጳጳስ ዎከሊን በጀመሩት ስልት እንደ ተሠሩ ዛሬም ይታያሉ። ረጅሙ የምእመናን መቆሚያ ግን ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጎቲክ ስልት ተለውጧል። ሆኖም አዲሱ ቅርጽ የተሠራው በአሮጌው አካል ላይ ስለ ሆነ ቀጫጭን በሚመስሉት ዓምዶች ውስጥ የኖርማኖቹ ግንብ ተሸፍኖ ይገኛል። የቤቱ ጠቅላላ ርዝመት 170 ሜትር ያህል ነው።

የተሰወረው ሕመም

ይህ ሁሉ ውበት ከሥሩ አንድ ሕመም ነበረበት። ሸለቆው ውኃ ያዘለ ነው፤ ከላይኛው አፈር በታች የበሰበሰ ዕፅዋት የተከማቸበት ጥቁር የረግረግ አፈር አለ። ጠንካራው ጠጠር የሚገኘው ከዚያ በታች ነው። የጥንቶቹ ግንበኞች ውኃውን አልፈው እስከ ጠጠሩ መቈፈር አልቻሉም ነበር።

በ1107 በካቴድራሉ መካከል የነበረው ትልቅ ማማ ወደቀ። ከሰባት ዓመት በፊት ንጉሥ ዊሊያም 2ኛ በአደን ላይ ሳሉ በቀስት ተወግተው ሞተው ከማማው በታች ተቀብረው ነበር። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያንን የበደሉ ነበሩና፣ ሕዝቡ ማማው የወደቀው በእርሳቸው ኃጢአት ነው አለ። በዚያው ዘመን የነበረ አንድ ታሪክ ጸሐፊ መነኵሴ ግን፣ ማማው በደንብ ስላልተሠራ ንጉሡ ባይቀበሩበትም ሊወድቅ ይችል እንደ ነበር ጽፏል። የዚህ መነኵሴ አስተያየት እኛን አስደንቆናል፤ ሃይማኖተኛነቱ የግንቡን ስንጥቅ ከማየት አልከለከለውምና። ማማው እንደ ገና ሲሠራ ግንበኞቹ ፈርተው ዓምዶቹን ከልክ በላይ አወፈሯቸው፤ ውፍረታቸው ዛሬም ለተመልካች ይታወቃል።

ከ1202 ጀምሮ ደግሞ ጳጳስ ጎድፍሬ ደ ሉሲ የቤቱን ምሥራቃዊ ክፍል አስረዘሙት። ግንበኞቹም በረግረጉ ላይ የዛፍ ግንዶችን እንደ ምንጣፍ አነጠፉና በእነርሱ ላይ ግንቡን አቆሙት። በጊዜው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበራቸውም። ሥራቸውም 700 ዓመት ያህል አገልግሏልና ልንወቅሳቸው አንችልም። ይሁን እንጂ ክብደቱ የረግረጉን አፈር ቀስ በቀስ ይጫነው፣ ቤቱም ዓመት እስከ ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ይሰምጥ ነበር። ከላይ ቅዳሴውና መዝሙሩ ሲሰማ፣ ከታች ግን መሠረቱ ይሸሽ ነበር።

በ1905 ነገሩ ተገለጠ። ግድግዳዎቹ አዘነበሉ፣ ቅስቶቹ ተጣመሙ፣ ስንጥቆቹ ሰፉ፣ ከጣራው ድንጋይ መውደቅ ጀመረ። ካቴድራሉን የመረመሩት አርክቴክት ቶማስ ጃክሰን ከግድግዳው ሥር ጕድጓድ አስቈፈሩ። ረግረጉ በተነካ ጊዜ ውኃው ከታች እየፈላ ጕድጓዱን ሞላው። በፓምፕ ሲወጣም ከግንቡ ሥር ያለውን ደቃቅ አፈር ይዞ ስለሚወጣ ግድግዳው ይብሱን መስመጥ ያዘ። ውኃውን ቢተዉት መሥራት አይቻልም፤ ቢያወጡት ቤቱ ይወድቃል። ጭንቀቱ ይህ ነበር።

ፍራንሲስ ፎክስ የሚባሉ መሐንዲስ ተጠርተው ነገሩን ካጠኑ በኋላ አንድ ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። ይኸውም ውኃውን ባለበት ትቶ፣ በውኃው ውስጥ ወርዶ የሚሠራ ጠላቂ መፈለግ ነበር።

ዊሊያም ዎከር ማን ነበር?

ዊሊያም ዎከር በ1869 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ወጣት ሳለ በፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ገብቶ በመጀመሪያ የጠላቂዎች ረዳት፣ ቀጥሎም ራሱ ጠላቂ ሆነ። ከዚያም የጠላቂ መሣሪያ በመሥራት የታወቀው ሲቤ ጎርማን የተባለ ድርጅት ባልደረባ ሆነ። ወደ ዊንቸስተር ሲጠራ ዕድሜው ወደ 37 ይጠጋ ነበር፤ ባለትዳርና የልጆች አባትም ነበር። በባሕርና በወደብ ሠርቷል። ከቤተ ክርስቲያን መሠረት ሥር ገብቶ ይሠራል ብሎ ያሰበ ግን ከቶ አልነበረም።

በ1906 ሥራውን ጀመረ። የሥራውን ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችሁ እንድትመለከቱት በጥቂቱ እንዘርዝረው።

ከግድግዳው ሥር ጠባብ ጕድጓድ ይቈፈራል። ጕድጓዱ በውኃ ይሞላል። ዎከር ውኃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ይለብሳል፤ በራሱ ላይ የመዳብ ቁር ይደፋል፤ በደረቱና በጀርባው እርሳስ ይንጠለጠልበታል፤ ጫማውም የእርሳስ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር 90 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የሚተነፍሰው አየር በቱቦ የሚወርድለት ሲሆን፣ ከላይ የቆሙ ረዳቶች ሳያቋርጡ ፓምፑን መግፋት ነበረባቸው። እስከ 6 ሜትር ወደሚደርስ ጥልቀት ይወርዳል።

በዚያ ውኃ ውስጥ ብርሃን አልነበረም። የረግረጉ ጥቁር አፈር ውኃውን ስላደፈረሰው መብራት ቢይዝም የሚጠቅመው አልነበረም። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በዳሰሳ ነበር። የቀረውን የረግረግ አፈር በእጁ እየቈፈረ እስከ ጠንካራው ጠጠር ያወጣል። ከዚያም በጆንያ የታሰረ የሲሚንቶ ድብልቅ ከላይ ይወርድለታል። ጆንያዎቹን ጎን ለጎን ይደረድርና በቢላዋ ይቀዳቸዋል፤ ድብልቁም ተያይዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚያ ላይ ሁለተኛ፣ ሦስተኛም ረድፍ ያነጥፋል። ከታች የሚመጣው ውኃ በዚህ ከታገደ በኋላ ጕድጓዱን በፓምፕ ማድረቅ ይቻላል። ከዚያም ግንበኞች ወርደው በብሎኬትና በጡብ እየገነቡ አዲሱን መሠረት ከአሮጌው ግንብ ጋር ያገናኙታል። አንዱ ጕድጓድ ሲያልቅ ቀጣዩ ይጀመራል። እንደዚህ እየተባለ 235 ያህል ጕድጓዶች ተሠሩ።

ዎከር በቀን 6 ሰዓት ያህል በውኃ ውስጥ ይሠራ ነበር። ልብሱን ማውለቅና መልበስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ምሳ ሲደርስ ቁሩን ብቻ አውልቆ ይበላና ፒፓውን ያጨስ ነበር። ቤቱ በለንደን አቅራቢያ ደቡብ ኖርዉድ በሚባል ስፍራ ስለ ነበረ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት ተጕዞ ቤተ ሰቡን ይጠይቅ እንደ ነበር ይነገራል። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንድ ሳምንት እንኳ ያስመርራል፤ እርሱ ግን እስከ 1911 ድረስ ከአምስት ዓመት በላይ ጸናበት።

ሥራው ሲጠናቀቅ ወደ 25,800 የሚጠጋ ጆንያ የሲሚንቶ ድብልቅ፣ ወደ 114,900 የሚጠጋ ብሎኬትና 900,000 ያህል ጡብ ከካቴድራሉ ሥር ገብቶ ነበር። ወጪውም 113,000 ፓውንድ ደረሰ። ከጠላቂው ጋር 150 ያህል ሠራተኞች በሥራው እንደ ተካፈሉ መዘንጋት የለብንም። አየር የሚገፋው ረዳት ቢዘናጋ ኖሮ ጠላቂው ይሞት ነበር፤ ጠላቂው ባይወርድ ኖሮ ግንበኛው ሥራ አይኖረውም ነበር፤ መሐንዲሱ ባያስብ ኖሮ ማንም የሚጀምር አልነበረም። የሆነው ሆኖ ወደ ጨለማው የወረደው ሰው ሸክም ከሁሉ የከበደ ነበር።

ምስጋናና ሞት

ሐምሌ 15 ቀን 1912 የቅዱስ ስዊዘን በዓል በሚከበርበት ዕለት በካቴድራሉ ታላቅ የምስጋና ጸሎት ተደረገ። ንጉሥ ጆርጅ 5ኛና ንግሥት ሜሪ ተገኙ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዊሊያም ዎከር ተመሰገነ፤ ንጉሡም የሮያል ቪክቶሪያን ኒሻን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ ተለመደው የጠላቂነት ሥራው ተመለሰ።

ዕድሜው ግን አልረዘመም። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተነሣ። ይህ በሽታ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ የሚሉትና በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው ያው ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠልን የምናጥነውም ከዚያ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። ዊሊያም ዎከር በዚህ በሽታ ተይዞ ጥቅምት 30 ቀን 1918 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አዲስ አበባ በኅዳር በሽታ በተጨነቀችበት ሰሞን ማለት ነው። ሬሳውም በለንደን አካባቢ በቤከንሃም ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የዊንቸስተርን ካቴድራል በገዛ እጁ ያዳነ ጠላቂ መሆኑ ተጽፎአል።

የተሳሳተው ሐውልት

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1964 ለጠላቂው መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ ሐውልት በካቴድራሉ ውስጥ ቆመ። ለቀራጺው የተሰጠው ፎቶግራፍ ዎከር ከሌሎች ሰዎች ጋር የተነሣው ነበር። ቀራጺው ማን ማን እንደ ሆነ ለይቶ ስላላወቀ የሌላውን ሰው መልክ ቀረጸ። ያ ሰው መሐንዲሱ ፍራንሲስ ፎክስ ነበሩ። እንግዲህ የጠላቂውን ልብስ የለበሰው ሐውልት የመሐንዲሱን ፊት ይዞ ለብዙ ዓመታት ቆመ። ጐብኚዎችም እየመጡ ዎከርን ያዩ እየመሰላቸው ሌላ ሰው እያዩ ይሄዱ ነበር። ስሕተቱ የታረመው በ2001 ትክክለኛው የዎከር መልክ የተቀረጸበት አዲስ ሐውልት በቆመ ጊዜ ነው። ይኸውም ከሞተ ከ83 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ስናነብ በመጀመሪያ ሣቅን፤ በኋላ ግን አዘንን። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም በማያየው ስፍራ የሠራ ሰው፣ በመጨረሻ ሊታይ በቆመበት ስፍራ እንኳ ፊቱ ሳይታይ ቀረ። መሐንዲሱ ፎክስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰው ምስጋና የመውሰድ ሐሳብም አልነበራቸውም። ነገሩ የሆነው ማንም ጠንቅቆ ስላልጠየቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛ ምስጋና የሚጠፋው እንዲህ ባለ ቸልተኝነት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ውድ ወጣቶች፤ ቤቱን በዐለት ላይ ስለ ሠራውና በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። ብዙ ጊዜ ስንሰማው ግን መሠረት ማለት አንድ ጊዜ ተጥሎ የሚያበቃ ነገር ይመስለናል። የዊንቸስተር ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። አባቶች በአቅማቸው የጣሉት መሠረት በየዘመኑ የሚጠብቀውና የሚያድሰው ትውልድ ያስፈልገዋል። ስንጥቅ ባየን ጊዜ ወይ የሌላ ሰው ኃጢአት ነው ብለን ማማት ወይም ወርደን መሥራት የእኛ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ራሳችንን የሚነካ ነው። በመዝሙር ቀን ሁላችንም ከፊት ለመቆም እንሽቀዳደማለን። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ምንጣፍ የሚያነሣው፣ ወንበር የሚመልሰው፣ አዳራሹን የሚጠርገው ግን ሁልጊዜ ያው ሁለት ሦስት ሰው ነው። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብለን አይደለም፤ እኛም ከሚሽቀዳደሙት መካከል ነን። ዎከር በጨለማ ውስጥ ሲሠራ የጆንያውን አደራደር የሚያይለት ሰው አልነበረም። ቢያበላሸው ማንም ወዲያው አያውቅበትም ነበር፤ ግንቡ ግን ያውቅ ነበር። ሰው ሳያይ የተሠራ ሥራ መልካምነቱ የሚታወቀው ክብደት ሲመጣበት ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የሐውልቱ ነገር ነው። የማይታይ አገልግሎት መልካም ነው ስንል፣ አገልጋዩን መርሳት መልካም ነው ማለታችን አይደለም። የሰበካችንን ቤተ ክርስቲያን ስም እናውቃለን፤ ሲመረቅ የነበሩትን ታላላቅ ሰዎችም ስም ሰምተናል። ድንጋዩን የጠረበው ማን ነበር? ውኃውን የቀዳው፣ ጭቃውን ያቦካው ማን ነበር? ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ዛሬም በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው የምናልፋቸው አዛውንት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከሚመጣው ሰንበት ጀምሮ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አዛውንት ቀርበን፣ ጕልበት ስመን፣ ስማቸውንና ሥራቸውን በትክክል ጠይቀን ብንጽፍ ምን ይመስላችኋል? የተጻፈውን ሰብስበን በዚሁ ጋዜጣችን ለማውጣት ዝግጁዎች ነን።

የዊንቸስተር ካቴድራል ዛሬም ቆሞአል። ዝናብ በሚበዛበት ወራት ውኃው እንደ ቀድሞው ወደ ምድር ቤቱ ገብቶ ግዙፎቹን የሮማኔስክ ዓምዶች ይከባል፤ ወራቱ ሲያልፍም ይመለሳል። ውኃው ከአካባቢው አልጠፋም፤ ረግረጉም አልተለወጠም። ቤቱ ግን ከ1911 ወዲህ በዚያ ጨለማ ውስጥ በአንድ ሰው እጅ በተደረደረው መሠረት ላይ ተደግፎ ይኖራል።

እኛንም በታየውና ባልታየው ሥራችን የታመንን ያድርገን።